አጥር የሌለው ማሳ፦ የላክስተን ገበሬዎች ወሰናቸውን እንዴት ይጠብቃሉ?

የመሬት ነገር ሲነሳ እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ቃል «ወሰን» ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የሚኳረፈው፣ ወንድም ወንድሙን ፍርድ ቤት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በአንድ ፈር መሬት ነው። አንዱ «ገፍቶኛል» ይላል፣ ሌላው «የአባቴ ነው» ይላል። ነገሩ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን እየተንከባለለ ዓመታት ይፈጃል።

ስለ ላክስተን የማነሳው ለዚህ ነው። ላክስተን እንግሊዝ አገር ያለች ትንሽ የገበሬ አጥቢያ ናት። ገበሬዎቿ አጥር፣ ግንብ ወይም ካብ በሌለበት ሰፊ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ያርሳሉ። እንዲህ ሲያርሱ ዘመናት አልፈዋል። የወሰን ጉዳያቸውን የሚያዩትና የሚቋጩት ግን በዓመት በሁለት ቀን ነው። አንዱን ቀን በማሳው ላይ፣ ሌላውን በመንደሩ መጠጥ ቤት።

ይህን ጉዳይ እንደ ተረት ሳይሆን እንደ አሠራር ላየው ፈልጌአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መንደሯና መሬቷ

ላክስተን የምትገኘው በእንግሊዝ መሀል አገር፣ በኖቲንግሃምሸር ነው። በመልአኩ ቅዱስ ሚካኤል ስም የተሰየመ የድንጋይ ቤተክርስቲያን አላት። ከመንደሩ በስተሰሜን ኖርማኖች የሠሩት ምሽግ ነበር። ዛሬ የቀረው ሣር የለበሰ ትልቅ ጉብታ ነው። በ1086 የተዘጋጀው ታላቁ የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ መንደሯን ይጠቅሳታል። የአንድ ሰሞን ሰፈራ አይደለችም ማለት ነው።

አፈሩ ከባድ ቀይ ሸክላ ነው። ሲዘንብ ጫማ ይዞ አይለቅም፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ገበሬው ለማረስ የሚያመቹት ቀናት ጥቂት ናቸው። ይህ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ በሉት።

በሌላው የእንግሊዝ ገጠር መኪና ይዞ የሚያልፍ ሰው የሚያየው በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነ መሬት ነው። የገበሬው ቤትም ከመንደር ርቆ፣ በራሱ ማሳ መሀል ብቻውን ይቆማል። ላክስተን እንዲህ አይደለችም። የገበሬዎቹ ቤቶች በመንደሩ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በየቤቱ ጀርባ ጎተራውና ጓሮው አለ። ማሳው የሚጀምረው መንደሩ ሲያልቅ ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው። የአንድ ገበሬ መሬት አንድ ቦታ አይደለም። አንዱ ቁራሽ በምዕራብ፣ ሌላው በደቡብ፣ ሌላው ደግሞ ወፍጮ ከነበረበት ኮረብታ በኩል ይሆናል። መሬቱ ሲበተን ቤቱ መሀል ላይ መሆን ነበረበት። የመንደሩን ቅርጽ ያወጣው የእርሻው አሠራር ነው።

ማሳዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዌስት ፊልድ፣ ሳውዝ ፊልድና ሚል ፊልድ ይባላሉ። ዛሬ በድምሩ ወደ 200 ሄክታር ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ማሳ በረጃጅም ጠባብ ቁራሾች የተከፈለ ነው። የአንዱ ገበሬ ቁራሽ አልቆ የሌላው ሲጀምር በመሀል ያለው ምልክት የማረሻ ፈር ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ማሳው አንድ ወጥ ሜዳ ነው።

የቁራሹ መጠን ከየት መጣ? ከበሬ ጉልበት ነው። ኤከር የሚባለው የእንግሊዝ መለኪያ ጥንት በበሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ማለት ነበር። ከእኛ ጥማድ ጋር አንድ ሐሳብ ነው፣ ስፋታቸው ይለያይ እንጂ። ኤከሩ ርዝመቱ ወደ 201 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 20 ሜትር ነው። ረጅምና ጠባብ የሆነውም በሬ ጠምዶ በየጊዜው መዞር ስለሚያደክም ነው። ይህን ለአንድ የጎጃም ገበሬ ብትነግሩት ማብራሪያ አይጠይቃችሁም።

መሬቱ የተበታተነበትም ምክንያት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለሙም ጭንጫውም፣ ውሃ የሚይዘውም ዳገቱም ለሁሉም እንዲዳረስ ነው። አንዱ ለሙን ብቻ፣ ሌላው ጭንጫውን ብቻ እንዳይይዝ።

ሰብሉ በጋራ፣ ምርቱ በግል

ሦስቱ ማሳዎች በዙር ይሠራሉ። አንዱ ማሳ በዚህ ዓመት ስንዴ ይይዛል፣ በመከር ተዘርቶ የብርዱን ወራት መሬት ውስጥ የሚያሳልፍ ስንዴ። በሚቀጥለው ዓመት በጸደይ የሚዘራ እንደ ገብስ ወይም ባቄላ ያለ ሰብል ይገባል። በሦስተኛው ዓመት መሬቱ ጦሙን ያድር ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን በሦስተኛው ዓመት የከብት መኖ ይዘራበታል።

ቁራሹ የግል ነው፣ ምርቱም የግል ነው። የማሳው ዙር ግን የሁሉም ነው። ማሳው የስንዴ ዓመት ላይ ከሆነ አንድ ሰው «እኔ መኖ እዘራለሁ» ማለት አይችልም። ከሰብል ስብሰባ በኋላ የሁሉም ከብት በቅሪቱ ላይ ይለቀቅ ስለነበር አንድ ሰው ብቻውን ቢዘገይ ወይም ሌላ ቢዘራ ጉዳቱ የራሱ ነበር። ሥርዓቱ ሰውን ያስተሳሰረው በዚህ ነው።

ሌላው ሲታጠር ላክስተን ለምን ተረፈች?

ይህ አሠራር አንድ ጊዜ በመሀል እንግሊዝ የተለመደ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የማጠሪያ ሕጎችን አጸደቀ። የተነካው መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ከእንግሊዝ አንድ አምስተኛ በላይ ነው። የተበታተነው ቁራሽ ተሰብስቦ ለየባለቤቱ በአንድ ላይ ተሰጠ፣ ዙሪያው ታጠረ። ምርት የጨመረበት ቦታ አለ። የጋራ ግጦሽ አጥቶ አንዲት ላሙን የሸጠ ድሃም አለ።

ላክስተንም ሙሉ በሙሉ አላመለጠችም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከማሳዎቿ የተወሰነው ታጥሯል። የቀረው ግን ቀረ። ምክንያቱን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይሻላል፤ መጀመሪያ ላይ ያተረፋት የመንደሯ ጥበብ አልነበረም። ትልልቆቹ ባለመሬቶች ሁለት ነበሩ፣ እነሱም አልተስማሙም። ቀጥሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ርካሽ የአሜሪካ እህል ገብቶ የእንግሊዝ እህል ዋጋ ወደቀ። ለማጠር ገንዘብ የሚያወጣ ጠፋ። ነገሩ ሳይነካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ደረሰ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ባለመሬቱ አንድ ነገር አደረገ። ሥርዓቱን ሳያፈርስ እጅግ የተቆራረጡትን ቁራሾች አገጣጥሞ ሰፋ ሰፋ አደረጋቸው። የቁራሾቹ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ጥንታዊነትን ለሚወድ ሰው ይህ ጉድለት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ሥርዓቱን ለማሽን ዘመን ያደረሰው ይህ ማስተካከያ ነው ባይ ነኝ። ዛሬ በዴቮን ብራውንተን የሚባል፣ በሊንከንሸር ደግሞ አክስሆልም የሚባል አካባቢ የጥንቱ ቁራሾች ይታያሉ። ማሳውም፣ ዙሩም፣ ዳኝነቱም አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ግን ላክስተን ነው።

ችግሩ

አጥር በሌለበት ማሳ መሬት የሚሰረቀው በአንድ ሌሊት አይደለም። በፈር ነው። አራሹ ትራክተሩን ሲያዞር ማረሻው ወደ ጎረቤት አንድ ፈር ይገባል። ሆን ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ሳያውቅም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ፈር 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው እንበል። ርዝመቱ 201 ሜትር ከሆነ በአንድ እርሻ የተገፋው 60 ካሬ ሜትር ነው። ማንም አይጮህበትም። አሥር ጊዜ ሲደጋገም ግን ሦስት ሜትር ይሆናል። ወርዱ 20 ሜትር ከሆነ ቁራሽ ላይ ሦስት ሜትር ተወሰደ ማለት ነው። ያን ጊዜ መጀመሩ መቼ እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ወሰን ገፊ የሚጠቀመው በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ጥፋት ለክስ የማይበቃ ትንሽ ነው።

ሌላው ተጠቂ የጋራ ቦታው ነው። በማሳዎቹ መሀል ሳይክ የሚባሉ የሣር ቦታዎች አሉ። እኛ ጨፌ እንላቸው ነበር። ረባዳ ወይም ውሃ የሚተኛባቸው ስለሆኑ አይታረሱም። የማንም የግል ስላልሆኑ ማረሻ በቀላሉ ይሸራረፋቸዋል። በማሳዎቹ ውስጥ የሚያልፉ የጋራ መንገዶችም እንዲሁ ናቸው። ጎረቤቱ ሲገፋ የሚጮህ ገበሬ መንገድ ሲታረስ ዝም ሊል ይችላል።

ኖቬምበር መጨረሻ፦ የጁሪው ቀን

ለዚህ ችግር የላክስተን መልስ በየዓመቱ ማሳ ላይ መውጣት ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጁሪ የሚባሉት ሰዎች ተሰብስበው ማሳ ይወርዳሉ። ጁሪው የመንደሩ ሰዎች፣ በተለይም ገበሬዎች ናቸው። አለቃ አላቸው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ የለም።

ወራቱ የብርድና የጭጋግ ነው። በትራክተር የሚጎተት ጋሪ ላይ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ጋሪው ላይ የተጠረቡ የእንጨት ችካሎችና መዶሻ ተጭነዋል። ቁራሹ ጋ ሲደርሱ አንዱ ባለፈው ዙር የተተከለውን ችካል ይፈልጋል። ካገኘው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ሌላው በማዶኛው ጫፍ ይቆማል። በሁለቱ መሀል ዓይን ይጣላል። ፈሩ ከመስመሩ ወጥቶ እንደሆነ ለእነሱ በግልጽ ይታያል፤ ሁሉም አራሾች ናቸውና። ችካሉ ከበሰበሰ ወይም ማረሻ ከነቀለው በቦታው አዲስ ይተከላል። ጭቃው ከባድ ስለሆነ መዶሻው ደጋግሞ ይወርዳል።

የሚያዩት ሦስቱንም ማሳ አይደለም። የዚያን ዓመት የስንዴ ማሳ ብቻ ነው። እኔን በጣም ያስገረመኝ ይህ ምርጫ ነው። ስንዴው ገና ተዘርቶ ቡቃያው መሬት ላይ ነው። አዲሱ እርሻ የት እንደጀመረና የት እንዳቆመ ይታያል። ሰብሉ ወገብ ከደረሰ በኋላ ቢወጡ ምንም አያዩም። ከመታረሱ በፊት ቢወጡ ደግሞ ጥፋቱ ገና አልተፈጸመም። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ማሳ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ሥራው ለአንድ ቀን የሚበቃ ነው፣ ሰው አያማርርበትም።

ጥፋት ሲገኝ እዚያው አይጣሉም። ይመዘገባል። መንገድ ያረሰ፣ ጨፌ የሸረፈ፣ ወደ ጎረቤት የገባ፣ ሁሉም ይጻፋል። ከዚያ ወደ መጠጥ ቤቱ ተመልሰው ምሳ ይበላሉ፣ ለእያንዳንዱ ጥፋት የሚቀርበውን ቅጣት ይነጋገሩበታል።

ሸንጎው

ከሳምንት በኋላ ሸንጎው ይቀመጣል። ስሙ ኮርት ሊት ነው፣ ከመካከለኛው ዘመን የመጣ የመንደር ፍርድ ቤት። የሚሰበሰበው ዶቭኮት በሚባለው የመንደሩ መጠጥ ቤት ነው። የመሬቱ ባለቤት የሚሾመው ስቴዋርድ የሚባል ሰው ይመራዋል። የመንደሩ ባለይዞታዎች ስም ይጠራል። ያልተገኘ በልማዱ ጥቂት ሳንቲም ይቀጣል።

ጁሪው ማሳ ላይ ያየውን ያቀርባል። ጥፋቱና መቀጮው በጎረቤት ፊት ይነበባል። መቀጮው ትንሽ ነው፣ ማንንም አያደኸይም። ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ስምህ በጎረቤቶችህ ፊት ይነበባል። አብሮህ ቢራ የሚጠጣው ሰው ይሰማል። ነገ ትራክተርህ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የምትጠራው እሱን ነው። አገር ከሚያወራብህ ሁለት ክንድ መሬት ብትተው ይሻልሃል።

የጁሪው ሥራ ሲያበቃ ለሚመጣው ዓመት ማሳ አዲስ ጁሪ ቃለ መሃላ ይፈጽማል። ዘንድሮ የተቀጣ ሰው ከርሞ ችካል ተካይ ሊሆን ይችላል።

ሸንጎው ለቱሪስት የሚታይ ትርዒት አይደለም፣ ሕጋዊ ዕውቅና አለው። በ1977 የወጣ ሕግ በእንግሊዝ የቀሩትን እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲያነሳ የላክስተኑ ሥልጣኑን ይዞ ቀጠለ።

ጨፌዎቹ

ስለ ጨፌዎቹ ጥቂት ልጨምር። ድርቆሻቸው በየዓመቱ በበጋው መጀመሪያ በጨረታ ይሸጣል። የሚገኘው ገንዘብ የጋራ መብት ላላቸው ሰዎች ይከፋፈላል። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ግን ጨፌው ለሁሉም የሚያስገኘው ነገር አለ፣ ስለዚህ ሲሸረፍ የሚቆጭ ሰው አለው።

ሳይታረሱና ማዳበሪያ ሳይበዛባቸው ስለኖሩ ዛሬ በዱር አበባ የበለጸጉ ናቸው። መንግሥት ልዩ የተፈጥሮ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ይህን ያቀደ ሰው አልነበረም። ማረሻ የማይገባበትን ረባዳ ቦታ ለድርቆሽ የተዉ ገበሬዎች የአበባ መስክ ጠብቀው አቆዩ።

ባለቤቱ ሲቀያየር

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፈር ነው። ላክስተንን ይበልጥ ያስፈራት ግን ፈር ሳይሆን የሽያጭ ውል ነው።

የማሳዎቹ ገበሬዎች ተከራዮች ናቸው። መሬቱ ለረጅም ጊዜ የአርል ማንቨርስ ቤተሰብ ነበር፤ አርል የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው። የመጨረሻው አርል መሬቱ ተሸንሽኖ እንዳይሸጥና ሥርዓቱ እንዳይፈርስ በ1952 ለእርሻ ሚኒስቴር ሸጠው። በ1955 ሲሞት ማዕረጉም አብሮት አበቃ። ሥርዓቱ እንደሚጠበቅ መግባባት ነበር። ሆኖም ሰላሳ ዓመት ሳይሞላ መንግሥት መሬቱን ሊሸጥ ተነሳ። ብዙ ክርክር ካስነሳ በኋላ በ1981 የዘውዱን ንብረት የሚያስተዳድረው ክራውን ኢስቴት ገዛው። በ2018 እሱም ለሽያጭ አቀረበው። በ2020 መሬቱ ቶርዝቢ ኢስቴት ወደሚባለው፣ ከማንቨርስ ቤተሰብ ጋር ወደተያያዘው ይዞታ ተመለሰ።

በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው። ሦስት ጊዜም ገበሬው «የሚመጣው ሰው ምን ያደርገን ይሆን?» ብሎ ጠበቀ። እስካሁን የመጣው ሁሉ ሥርዓቱን ይዞ ቀጥሏል። ግን እያንዳንዱ ጊዜ ነገሩ በገዢው መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሸንጎው ሁለት ክንድ የገፋን ሰው ይቀጣል። ሁሉንም ማሳ በሚሸጥ ባለቤት ላይ ግን ሥልጣን የለውም።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው የወሰን ጥበቃው ነው። በ1635 ሰር ዊልያም ኮርተን የተባለ የለንደን ነጋዴ መንደሯን ሲይዝ እያንዳንዱን ቁራሽ የሚያሳይ ካርታ አስነስቶ ነበር። ካርታው ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አለ። ቁራሾቹ ቢሰፉም የዚያ ካርታ ማሳዎች ዛሬም ይታረሳሉ። ካርታው ብቻውን ግን ይህን አላደረገም። በእንግሊዝ ጥሩ ካርታ የነበራቸው መንደሮች ብዙ ናቸው፣ ማሳዎቻቸው የሉም።

ያልሠራውም ብዙ ነው። ከሰብል በኋላ ከብት በጋራ መልቀቅ እየቀረ ሄዷል፤ ከብት የሚይዝ ሲቀንስ ጥቅሙም አበቃ። ጦም ማሳደርም በዘመናዊ እርሻ ዋጋ አላዋጣም። እነዚህን ሸንጎው በግድ ሊያቆያቸው አልሞከረም። ይህን እንደ ብልህነት እቆጥረዋለሁ።

ማሽኑ ያልተፈታ ችግር ነው። ኮምባይነርና መርጫ በየጊዜው ይሰፋሉ፣ ቁራሹ ግን እንደ ድሮው ነው። የተበታተነ መሬት ላይ ነዳጅና ጊዜ ይባክናል። አፈሩ ከባድ ስለሆነና ለእርሻ የሚያመቹት ቀናት ጥቂት ስለሆኑ የሚባክነው ሰዓት ውድ ነው። መንደሯን ሊያይ የሚመጣው ጎብኚ ይህን አይከፍልም። ሥርዓቱ የአገር ቅርስ ነው ይባላል፣ ወጪውን የሚሸከመው ግን ተከራዩ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። አገር የሚኮራበትን ነገር የሚጠብቅ ገበሬ በኪራይ ቅናሽም ይሁን በሌላ መንገድ ሊደገፍ ይገባል።

ለሌላ ቦታ ምን ይወሰዳል?

መጀመሪያ የማነሳው ጊዜን ነው። ወሰን የሚታየው ክስ ሲመጣ ሳይሆን በቀጠሮ መሆን አለበት። ቀጠሮው ደግሞ ጥፋቱ በዓይን የሚታይበት ሳምንት ላይ ይሁን። እኛ ጋ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ አዋሳኞች ቆመው ይመሰክራሉ። ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ እስኪካሰስ ድረስ ማንም ተመልሶ ማሳው ላይ አይቆምም። ዘር በተዘራ ማግሥት ሽማግሌዎች ዞረው ቢያዩ ስንት ክስ በፈር ደረጃ በቀረ!

ችካሉ ከእንጨት መሆኑንም አስቡበት። «ለምን ሲሚንቶ አይተክሉም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሲሚንቶ ቢተክሉ መውጣቱን ይተዉት ነበር ብዬ እፈራለሁ። እንጨቱ ስለሚበሰብስ ተመልሰው ይመጣሉ። ሲመጡም ችካሉን ብቻ አያዩም። መንገዱን፣ ቦዩን፣ ጨፌውን ሁሉ ያያሉ።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ ትንሽ ቢሆንም የማይቀር መሆኑ ነው የረዳው። ቅጣት ሲከብድ ሽማግሌ ይራራል፣ ይደብቃል፣ «ተዉት በቃ» ይላል። ቀላል ሲሆን ግን በወንድሙም ላይ ለመጻፍ አይፈራም።

አሁን በአገራችን የኩታ ገጠም እርሻ ሥራ ይስፋፋል። አጎራባች ገበሬዎች ማሳቸውን ሳያጥሩ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ ይዘራሉ። የላክስተን ማሳ የዚህ ዘመድ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚያ የሚዘራው ምን እንደሆነ አስቀድሞ በዙር ታውቋል፣ ጥፋቱን የሚያየውም የገበሬው የራሱ ሸንጎ ነው። እኛ ጋ ኩታ ገጠሙ የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ በግብርና ባለሙያ ጥሪ ነው። ባለሙያው ተዛውሮ ሲሄድ ማሳውን አንድ ላይ የሚያቆየው ማነው? በየኩታ ገጠሙ ከራሳቸው ከገበሬዎቹ የተመረጡ፣ በየዓመቱ የሚቀያየሩ፣ ማሳ የሚወጡ ሰዎች ቢኖሩ ይህ ጥያቄ ይቀልላል። የጋራ መንገድና የውሃ መውረጃም ባለቤት ያገኛል።

እንዳለ ለመገልበጥ የሚያስቸግረው የኪራዩ ነገር ነው። በላክስተን ገበሬው ውል የሚፈራረመው ከአንድ ባለመሬት ጋር ነው። ሥርዓቱን ማክበር ከተከራይነቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ግዴታ ነው። የማይፈልግ ሰው መጀመሪያውኑ አይገባበትም። በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ የተለያየ ባለይዞታ በሆነበት፣ በውርስና በኪራይ እጅ በሚቀያየርበት ቦታ ይህ የለም። እዚያ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ችካል መትከል አይሆንም። ቁራሹን የተከራየውን ወጣት፣ ከተማ የሄደውን ባለይዞታና በስሟ ደብተር ያላትን እናቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ይሆናል።